አንድ ጎታ፣ ሁለት ጌታ

የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ በትንሽ መጽሐፍ አሳትመን ለልጆቻችን እናስቀርላቸው የሚለው ሐሳብ የመጣው ተዝካር ላይ ነው። ዘመድ ከጎጃምም ከአዲስ አበባም ተሰብስቦ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ወሬው ሲሞቅ የእናቴ ታላቅ ወንድም «እኛ ስናልፍ ማን ከማን እንደሚወለድ የሚነግራቸው የለም» አሉ። ሁሉም ተስማማ። «አንተ መምህር ነህ፤ አንተ ጻፈው» ተባለና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አጎቴ በእጃቸው የጻፉት ደብተር ደረሰኝ። ከሰባት ትውልድ ጀምሮ ስም በስም ተደርድሯል። የእናቴ እናት፣ ማለትም አያቴ፣ ከነወንድም እህቶቿ ተጽፋለች። ቆጠርኳቸው፤ አራት ናቸው። እኔ ግን ከራሷ አፍ የሰማሁት አምስት ነው። እስክትሞት ድረስ «አያ» እያለች የምታነሳው ታላቅ ወንድሟ የለም።

ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ አንድ ሰው የረሱ መሰለኝ» አልኩ። ትንሽ ዝም አሉና «አልረሳሁም። እሱን ተወው። ለልጅ የሚነገር አይደለም» አሉኝ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። አያ ባንዳ ነበር።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ስለ ጣልያን ዘመን ጎጃም ያነበብኩት ታሪክ ሁሉ የአርበኛና የባንዳ ታሪክ ነው። ይህ ደግሞ ያለ ነገር አይደለም፤ አገሩን ነፃ ያወጣውና የሸጠው እኩል አይጻፍም። ግን በዚያ አምስት ዓመት ውስጥ ጎጃም ላይ የኖረው ሰው አብዛኛው አንዱንም አልነበረም። ከብት ጠባቂ፣ እህል ፈጪ፣ ውኃ ቀጂ፣ የቆሎ ተማሪ ነበር። አብዛኛው ደግሞ ልጅ ነበር። የእነሱን ታሪክ ማን ጻፈው?

አያቴ የተወለደችበትን ዓመት በትክክል አታውቅም። «ጥልያን ሲገባ ጡቴ ገና አላጎጠጎጠም ነበር» ትላለች። እኛ ስንገምት በ1916 ዓ.ም. አካባቢ ነው። እንግዲህ ጣልያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ አሥራ ሁለት፣ ሲወጣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ይህንን ዕድሜ «አፍላ ወጣትነት» እንለዋለን። ያኔ ጎጃም ውስጥ እንዲህ የሚባል ዕድሜ ለሴት ልጅ አልነበረም። ልጅ ነሽ፤ ከዚያ ሙሽራ ነሽ፤ በመካከሉ ምንም የለም። እሷም በአሥራ ሦስት ዓመቷ ለመዳር ታጭታ ነበር።

መንደሯ ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ። ከተማዋን ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜም «መንቆረር» እያሉ ይጠሯት ነበር፤ ደብረ ማርቆስ የሚለው ስም የመጣው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። አያቴ ከተማዋን የምታውቃት በገበያ ቀን ነው። ማር፣ ቅቤ፣ ጌሾ ተሸክሞ ሄዶ አሞሌ ጨው ይዞ መመለስ።

ጦርነቱ ወደ ቤታቸው የገባው ግን ከጣልያን በፊት ነው። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ የጎጃም ገዥ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሰሜን ሲዘምቱ የአያቴ አባት አብሮ ሄደ። ስንቁን በስልቻ፣ ጠመንጃውን በትከሻ። ተከዜ መሻገሪያ ላይ ከአይሮፕላን የመርዝ ጋዝ የወረደበት፣ በየካቲት ደግሞ ሽሬ ላይ የተዋጋው ጦር ይህ ነው። አባትየው አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የነገራቸው ሰው የለም። ዓመት ጠብቀው፣ «እንግዲህ ከቀረም ቀረ» ብለው ያለ አስከሬን ተዝካሩን አወጡ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መነገር አለበት፤ ምክንያቱም ኋላ የአያን ነገር ለመረዳት ያስፈልጋል። ጎጃም ያን ጊዜ አንድ ልብ አልነበረም። አገሩን ለብዙ ዓመታት የገዙት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከእስር እንዲያመልጥ ረድተዋል ተብለው ተሽረው ታስረው ነበር። በቦታቸው የተሾሙት ራስ እምሩ የሸዋ ሰው ናቸው። ይህ ብዙ የጎጃም መኳንንትን አስኮርፏል። ደጃዝማች ገሠሠ በለው ራስ እምሩ ሰሜን እየተዋጉ ሳሉ ሸፍቶ ደብረ ማርቆስን ከበበ። ስለዚህ በግንቦት 1928 ዓ.ም. ጣልያን ከተማዋ ሲገባ የገጠመው ትልቅ ጦርነት የለም። የገባው ቂም በተያያዘ አገር ላይ ነው። ትልልቆቹ እንዲህ ሲሆኑ ልጆቹ ምን ይሁኑ?

አያ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አባት የለም፣ እናት አለች፣ ከሱ በታች አራት ልጆች አሉ። የቤቱ ወንድ እሱ ሆነ። በሬ ጠምዶ ያርስ ጀመር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ግን ከመንደሩ ልጆች ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ ወርዶ ለጣልያን ድንጋይ መሸከም ጀመረ፤ ምሽግ ይሠራል፣ መንገድ ይጠረጋል፣ ሥራ አለ ተብሎ። ክፍያው በሊሬ ነው። ችግሩ ሊሬውን ገበሬው አይፈልገውም። ባላገር የሚያምነው ጠገራ ብርን፣ ማርትሬዛዋን ነው፤ እሷ ስትጠፋ አሞሌን። «አያ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ለእማዬ ሰጣት፤ እማዬ አገላብጣ አየችውና ‹ይኼ ይበላል?› አለችው» ትል ነበር አያቴ። እየሳቀች ነው የምትነግረን። ወረቀቱ የሚሠራው ከተማ ውስጥ፣ ከጣልያን ጋር በሚነግዱት ዘንድ ነው። ስለዚህ በሊሬ የተከፈለው ልጅ ቀስ በቀስ የከተማ ሰው መሆኑ አይቀርም፤ ገንዘቡ ራሱ እዚያው ያስቀረዋል።

ከዚያ የጠመንጃው ነገር መጣ። ጣልያን ባላገሩ መሣሪያውን እንዲያስረክብ አዘዘ። ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ ለወንድ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ከየቤቱ ይፈተሽ ጀመር፤ ያልሰጠ ይገረፋል፣ ይታሰራል። አያቴ ቤትም መጡ። አንድ ሶላቶ፣ ከሱ ጋር አስካሪዎችና የመንደሩ ሰው። እናትየዋ «ጠመንጃው ከባለቤቱ ጋር ሄዷል» አለች። እውነቷን ነው። ግን አንዱ ጎረቤት «የአባቱም አሮጌ ነበረችው» ብሎ ጠቁሟል። አያን አሰሩት።

ከእስር እንዴት እንደወጣ አያቴ ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ዓይነት ነግራኛለች። አንደኛው፣ «ባንዳ ከገባህ እንለቅሃለን ብለውት ነው፤ ለእኛ ሲል ነው» የሚለው ነው። ይህን የነገረችኝ ልጅ ሳለሁ ነው። ትልቅ ሰው ሆኜ ስጠይቃት ግን «ጫማ ፈልጎም ነው፤ ልብስና ጫማ ይሰጡ ነበር። እግሩ በብርድ የተላላጠ ልጅ ነው» አለችኝ። የትኛው ነው እውነቱ ብዬ ብጨቀጭቃት «ሁለቱም ነዋ! አንተስ አንድ ነገር በአንድ ምክንያት ብቻ ነው የምታደርገው?» ብላ ተቆጣችኝ።

አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ባንዳ በገባበት ሰሞን፣ በ1930 ዓ.ም. የካቲት አካባቢ፣ ጎጃም ተነሳ። ከሁለት ዓመት በፊት ዝም ያለው አገር፣ ጠመንጃው ሲጠየቅ፣ ሰው ሲገረፍ፣ ክብሩ ሲነካ ጊዜ አንድ ልብ ሆነ። መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለው፣ በላይ ዘለቀ በየአቅጣጫው ጦር አስነሱ። ጣልያን በየከተማው ምሽግ ውስጥ ተወሰነ፤ ገጠሩ የአርበኛ ሆነ። በበልጉ ጣልያን ብዙ ጦርና አይሮፕላን አምጥቶ መልሶ መታ፤ መንደር ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ እስከ 1933 ድረስ ጎጃም ሙሉ በሙሉ የማንም አልሆነም።

ይህ በታሪክ መጽሐፍ ላይ የድል ዘመን ነው። በአያቴ ቤት የወፍጮ ዘመን ነው።

አርበኛ ስንቅ ይፈልጋል። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ። ይህን የሚያዘጋጀው ማነው? መጅ ይዛ ወፍጮ ላይ የምትንበረከክ ሴት ናት። ቀን ቀን ጭስ እንዳይታይ እሳት አይነድም፤ አይሮፕላን ጭስ ያየበትን ይጥላል። ነጭ ልብስ ደጅ አይሰጣም። ከብቱ ጫካ ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ሥራው በሙሉ ሌሊት ነው። አያቴ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከእናቷ ጋር እየተቀባበሉ እስኪነጋ ይፈጫሉ። ከሁሉ የምትፈራው የወፍጮውን ድምፅ ነበር። «አምስት ሰው ያለበት ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሲፈጭ የሰማ፣ ለማን እንደሆነ ይገባዋላ» ትላለች። ከወፍጮው ሥር ገለባ ይጎዘጉዛሉ፤ በሩ ላይ ቁርበት ይሰቅላሉ። እጇን ስታሳየኝ ትዝ ይለኛል፤ የቀኝ እጇ መዳፍ እስከ እርጅናዋ ድረስ እንደ ተረከዝ ደርቆ ነበር።

ሌሊት አርበኛ ይመጣል፤ «የአገር ልጅ ተራበ» ይላል፤ ይሰጠዋል። ቀን ባንዳና አስካሪ ይመጣል፤ «ለሽፍታ ሰጥታችኋል» ይላል፤ ይወስዳል። የሚሰጠውም የሚወሰደውም ከአንድ ጎታ ነው። ለአርበኛ ሲሰጡ በፈቃድ ነው፤ ቢሆንም እምቢ ቢሉትስ? አርበኛም ጠመንጃ አለው። ይህን አያቴ ጮክ ብላ አትናገረውም ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው ካለ በዓይኗ ቃኝታ ነው። ባል የሞተባት ሴት፣ የበኩር ልጇ ባንዳ የሆነባት ደግሞ፣ ከሌላው ቤት እጥፍ መስጠት ነበረባት። ታማኝነቷን በእህል ነበር የምታሳየው።

ለአያቴ ሰርግ ተብሎ የተቀመጠ ጤፍ ነበር። ጎድጓዳ ተቆፍሮ፣ አመድና ገለባ ተነስንሶበት፣ በላዩ እበት ተለቅልቆ የተቀበረ። እሱም ወጣ። «ሰርጌን አርበኛ በላው» እያለች ትስቃለች። የታጨችለትም ልጅ ጫካ ገባ። ስለዚህ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ልትዳር የነበረችው ልጅ እስከ አሥራ ሰባት ዓመቷ እናቷ ቤት ቆየች። ለዚያ አገር «ቆሞ ቀር» ለመባል የቀረበ ዕድሜ ነው። አንድ ጊዜ ብቻዋን ሆነን «እውነቱን ልንገርህ? ልጅነቴን የጨረስኩት በጥልያን ጊዜ ነው፤ ጦርነት ባይሆን በአሥራ ሦስቴ ወልጄ ነበር» አለችኝ። ለጦርነቱ ምስጋና አልነበረም። ሆኖም እንዲህም ነበር።

ወንዶቹ ልጆችስ? ከብት ይጠብቃሉ፤ ከብት ጥበቃ ማለት ደግሞ ያን ጊዜ ቃፊርነት ነው። ከጉብታ ላይ ሆኖ የሚመጣውን ቀድሞ የሚያየው እረኛ ነው። የቆሎ ተማሪውም እንዲሁ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ሌላም ሌላም ደብር በጦርነቱ ጊዜም ተማሪ አላጣም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከመንደር መንደር የሚዞረውን ልጅ ማን ይጠረጥረዋል? በአንዱ ቤት የሰማውን በሌላው ቤት ያወራል። ይህ የውስጥ አርበኝነት ነው፤ ሜዳልያ ግን ደበሎ ላይ አይሰካም።

አያም በነዚህ ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ መንደሩ መጥቷል። ሁለቱንም ልጽፋቸው ይገባል፤ አንዱን ብቻ ብጽፍ ዋሽቻለሁ።

በመጀመሪያው ጊዜ በቀን መጣ፤ ከሌሎች ባንዶች ጋር። እህል ሊወስዱ። ገብሱን ወሰዱ፤ የዘሩንም ጭምር። እናቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አየችው፤ እሱ ሌላ ቤት ገባ እንጂ የራሳቸው ቤት አልገባም። ግን የጎረቤቱ ዘር ሲጫን ስልቻውን ይዞ ነበር። በዚያ ዓመት ያ ጎረቤት ሳይዘራ ቀረ። የዚያ ሰው የልጅ ልጆች ዛሬም አሉ፤ ያስታውሳሉም።

በሁለተኛው ጊዜ፣ በ1931 አካባቢ፣ በሌሊት ብቻውን መጣ። በሩን አላንኳኳም፤ ከበረቱ በኩል ሆኖ አያቴን በስሟ ጠራት። «ነገ ይመጣሉ። ውጡ። ከብቱንም አውጡ» አላት። ከመንጋቱ በፊት መንደሩ በሙሉ፣ ዘሩ የተወሰደበት ጎረቤት ጭምር፣ ወደ ገደሉ ወረደ። በማግሥቱ ቤቶቹ ተቃጠሉ፤ ሰው ግን አልሞተም። ማን እንደነገራቸው እናትየዋ ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር ጣልያን ሰምቶ ይሰቅለዋል። ስለዚህ መንደሩ የሚያውቀው የመጀመሪያውን አያ ብቻ ሆነ።

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ልጆች ኑሮ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ ሩቅ ይመስላል፤ ግን የአያቴ እኩዮች ናቸው። በ1939 እ.ኤ.አ. ነሐሴ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ሥጋና ቅባት በካርድ ሆነ፤ የእነሱ ጎታ ያ ካርድ ነበር። በዚያው ዓመት ከአሥር እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ በሂትለር ወጣቶች ማኅበር ውስጥ መግባት ግዴታው ሆነ፤ ለሴቶቹም የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። ከ1943 መጀመሪያ ጀምሮ የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተወስደው የአይሮፕላን መምቻ መድፎች ላይ ተመደቡ። ቀን ሒሳብ ይማራሉ፤ ሌሊት መድፍ ያጎርሳሉ። የኛዎቹ ከአይሮፕላን ሲሸሸጉ የነሱዎቹ አይሮፕላን ሲተኩሱ አደሩ።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ትልቅ ልዩነት። የጀርመኖቹ ልጆች ዕዳ በወረቀት ላይ ተመክሮበታል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አሜሪካኖች በያዙት የጀርመን ክፍል የናዚ ተባባሪ ማነው የሚለው በፎርም ሲጣራ፣ በ1946 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ለወጣቶች ምሕረት ታወጀ። ከጥር 1 ቀን 1919 በኋላ የተወለደ ሰው፣ ከባድ ወንጀል ካልሠራ በቀር፣ ዩኒፎርሙን ለብሶ ነበር ተብሎ አይጠየቅም ተባለ። ልጅ ነበር፤ የተቀመጠለትን ነው ያገኘው፤ ነው ነገሩ። ይህ ፍርድ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ መከራከራቸው ራሱ ነገር ነው። እኔ በጣቴ ቆጠርኩ። አያ በ1913 ዓ.ም. ገደማ ነው የተወለደ፤ በእነሱ አቆጣጠር 1920 ወይም 1921። ጀርመናዊ ቢሆን ኖሮ ምሕረቱ ይደርሰው ነበር።

ጎጃም ውስጥ ፎርምም ምሕረትም አልነበረም፤ ቃል ብቻ ነበር። ቃሉም «ባንዳ» ነው።

ታዲያ ይህ ቃል በማን ላይ ነው የጸናው? እዚህ ላይ ወደ 1933 ዓ.ም. መመለስ አለብኝ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር ኦሜድላ ላይ ገብተው፣ ከእንግሊዙ መኮንን ከዊንጌት ጦር ጋር በጎጃም በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ተጓዙ። ስንቅና ጥይት የተጫነባቸው ከሱዳን የመጡ ግመሎች በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ደጋውን አልቻሉትም፣ በመንገዱ ሁሉ አለቁ። አያቴ ግመል ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ «ሞቶ እንኳን ያስፈራል» ትላለች። በመጋቢት መጨረሻ ጣልያን ደብረ ማርቆስን ለቀቀ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ገቡ።

የዚያን ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ የሆነውን ታሪክ መዝግቦታል። ጣልያን በመጨረሻው ሰዓት አገሩን እንዲይዙለት ወደ ጎጃም የመለሳቸው፣ ዓመታቱን በሙሉ ከጣልያን ጋር የቆዩት ራስ ኃይሉ መጥተው እጅ ነሱ። አልተሰቀሉም። ወደ አዲስ አበባ ተወስደው፣ በዓይን እየተጠበቁ ቢሆንም፣ በአልጋቸው ላይ ለመሞት በቁ።

አያስ? ከደብረ ማርቆስ የወጣው የጣልያን ጦር በኮሎኔል ማራቬንታኖ እየተመራ ወደ ዓባይ ሄደ። በሺህ የሚቆጠር አስካሪና ባንዳ፣ ከነሚስቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸው። ዓባይን ተሻግሮ ወጣ፤ በግንቦት ከዓባይ ማዶ አጊባር ላይ እጁን ሰጠ። ከመንደራቸው የሄደ አንድ ሰው አያን በዚያ ሰልፍ ውስጥ አይቶታል፤ ጫማ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ሃያ ዓመቱ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጥር 1937 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ በላይ ዘለቀ ተሰቀለ። ለጣልያን ያልተንበረከከው በላይ፣ በነፃነት ዘመን በገመድ። አብሮት የተሰቀለው ደግሞ የራስ ኃይሉ ልጅ፣ በጣልያን ጊዜ ከጣልያን ጎን ሆኖ አርበኞችን የወጋው ልጅ ማሞ ነው። ከእስር ቤት አብረው ለማምለጥ ሞክረው፣ በአንድ ቀን አብረው ሞቱ። አያቴ ይህን ወሬ ሰምታ አለቀሰች፤ ለበላይ ነው ያለቀሰችው፤ መንደሩ በሙሉ ለበላይ አልቅሷል። ሆኖም «እነሱስ ስማቸው አለ» ትል ነበር። ትልልቆቹ ከዳተኛ ቢባሉም በስማቸው ይጠራሉ፤ ታሪካቸው ይጻፋል፤ ለምን እንዲህ አደረጉ ተብሎ ይጠየቃል። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ ግን ባንዳ ተብሎ ተዘጋ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

አያን አርበኛ ላደርገው አልፈልግም። አልነበረም። ጎረቤቱ ዘሩን አጥቶ ያለቀሰበት ዓመት አለ፤ ያ ዕንባ በአንድ ሌሊት ጥሪ አይታጠብም። ለአምስት ዓመት በብርድና በረሃብ ጫካ የኖረውን ሰው ከሱ ጋር እኩል አድርጌ ብጽፍ አያቴ ራሷ ከመቃብር ተነስታ ትቆጣኛለች፤ ባሏ ከነሱ አንዱ ነው። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ከደብተሩ ያወጣነው ባንዳነቱን ብቻ አይደለም። አባቱ ሽሬ የቀረበትን ልጅ፣ የተላላጠ እግሩን፣ ከበረቱ በኩል የመጣውን ድምፅ አብረን አውጥተናል። ሌሊቱን ስትፈጭ ያደረችውን እህቱንም ግማሽ ታሪኳን ወስደንባታል።

ነገሩ ያለፈ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላስጨነቀኝ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አገራችን ላይ ጦርነት አለ። ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ስልክ ይቋረጣል፣ ይመለሳል። የአክስቴ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አላት። ስልኩ በተገኘ ቁጥር «ትምህርት ተከፈተ?» እላታለሁ። «አልተከፈተም ጋሼ» ትለኛለች። ባለፈው ጊዜ ምን እየሠራሽ ነው ብላት «እንጀራ እንጋግራለን» አለችኝ። ለማን ብዬ ልጠይቅ አስቤ ተውኩት። በስልክ የሚጠየቅ አይደለም።

ለመጽሐፉ ስለ አያ አራት መስመር ጻፍኩ። በ1913 ገደማ እንደተወለደ፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ለጣልያን ባንዳ እንደገባ፤ የመንደሩ ዘር ሲወሰድ እንደነበረ፤ ቤት ሊቃጠል ሲል ሌሊት መጥቶ ሰው እንዳስወጣ፤ በ1933 ዓባይን ተሻግሮ እንዳልተመለሰ። ለአጎቴ ላክሁላቸውና ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ደወሉ። «ያን ነገር አነበብኩት» አሉ። ዝም አሉ። «የክርስትና ስሙን አልጻፍከውም።»

«አላውቀውም ጋሼ» አልኩ።

ነገሩኝ። እርስዎ እንዴት አወቁት ብዬ ስጠይቃቸው፣ ልጅ ሳሉ እናታቸው በየዓመቱ በመጋቢት መጨረሻ ለቄሱ የሚሰጥ ቁራጭ ወረቀት ላይ ያስጽፏቸው እንደነበረ ነገሩኝ። ፊደል ከቆጠሩ ጀምሮ የጻፉት እሳቸው ናቸው። የማን ስም እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልነገረቻቸውም።